ከመስቀል በፊት የተከፈተ ቅቤ

ሰኞ፣ ነሐሴ አጋማሽ
ዳግመኛ መርፌ። የመጀመሪያው ናሙና አልበቃም አሉ። ከአንገቴ ሥር ያለው ንፍፊት አተር ያህል ነበር፤ አሁን ባቄላ አክሏል። ከሁለት ዓመት በፊት አ.አ. ሳንባዬን ቀደው ካንሰሩን አወጡ። ተመልሶ እንደሆነ የሚለየው ከዚህ ንፍፊት በሚቀዳው ነው። ዶ/ሩ፣ ልጅ እግር፣ «እማማ፣ አይዞሽ፣ እንደ ትንኝ ነው» ይለኛል። ትንኝ እንዲህ አትቆፍርም። እማማውንም አልወደድሁለትም።

ሐሙስ
ሳል የለም። ዝናብ ብቻ። ማስታወሻዬ፣ አንተ ደግሞ እንደ ጠያቂዎቼ አታፍጥብኝ።

ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡00
ውጤት ደረሰ። እኔን ውጪ ተቀመጪ አሉኝ። ዶ/ሩ ታናሽ ወንድሜን ጴጥሮስን ብቻ አስገባው። ጴጥሮስ ሻንቶ ከተማ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ንፍፊቱ ያለው የእኔ አንገት ላይ ነው። ዕድሜዬን በጋዜጣ አዘጋጅነት ጨረስሁ፤ የራሴን ዜና ግን ከበር ውጪ እጠብቃለሁ። ጴጥሮስ ሲወጣ ፊቱን ታጥቧል። ተራ ኢንፌክሽን ነው አለ። ባጃጁ ውስጥ ስለ ቆርቆሮ ለፈለፈ።

እሑድ
ጴጥሮስና ሚስቱ ብርቄ መጡ። አንድ የቅቤ ቅል እንዳለ ይዘዋል። ብርቄ ሙቹዋ ሠራች፣ ቆጮው ቅቤ ውስጥ ይዋኛል። ቀመስሁ። አወቅሁት። የአገራችን ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በማኅበር የሚያጠራቅሙት፣ ከመስቀል በፊት ክዳኑ የማይነሳው ቅቤ ነው። ብርቄ ልጇን ስትድር እንኳ አልነካችውም።
«ብርቄ፣ መስቀል ገባ እንዴ?»
«እትዬ፣ ዝም ብለሽ ብይ። ይቀዘቅዛል።»
«እስከዚያ አትደርስም ተባለ?»
የጴጥሮስ ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። አለቀሰ። ካንሰሩ ተመልሷል። ዶ/ሩ፣ አትንገራት፣ ተስፋ ትቆርጣለች ብሎታል። ሕክምናስ? አ.አ. አለ፤ እነሱ ግን አትንገላታ ብለው ተስማምተዋል። እኔ ሳልጠየቅ።
በቁሜ ቀበራችሁኝ አልሁ። ብርቄ ጦፈች፦ «ቅቤዬን አውጥቼ ልሰደብ!» ሳቅ መጣብኝ። ዋጥሁት። ይቅርታም አልሰጠሁ።

ሰኞ፣ 4፡00
ዶ/ሩን ብቻዬን ገባሁበት። እማማ ሳይለኝ ውጤቴን አምጣ አልሁት። አነበብሁ። ሪፈሩን ቆሜ አስጻፍሁ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አ.አ.። ጴጥሮስ ሻንጣዬን ይሸከማል፤ ዶ/ሮቹ ጋ አፉን አይከፍትም። የተረፈውን ቅቤ ለብርቄ መልሻለሁ። ክዳኑን ግጠሚው ብያታለሁ፤ መስቀል ዕለት ሻንቶ እመጣለሁ፣ ጎድሎ ባገኘው ግን ወዮላት።