አሮጌው ሲስተም ለእኔ ቀረ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አለቃ ተብዬው ዳንኤል ዛሬ ሠራተኛውን በሙሉ ወሰን ሰፈር ካለው ቢሯችን እንጦጦ ፓርክ ድረስ ጎትቶ ወሰደን። ለመዝናናት መስሎኝ ነበር። ብርድ ላይ አቁሞን፣ "ድረ ገጾቻችንን የምንሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ ፈጥሮ የሚያሻሽለው ሰው ድምፁ ጠፍቷል፤ ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ወደ ሌላ ቋንቋ እንሻገራለን" አለ። ከአራት ዓመት በፊት "የወደፊቱ ቋንቋ" ብሎ የጫነብን ራሱ ነው።

ሁሉም አዲሱን ሊማሩ ነው፣ ከእኔ በቀር።

"አንተ አሮጌውን ሲስተም ያዝልን። ካንተ ሌላ የሚችለው የለም" አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። ፊቱን ማየት አስጠላኝ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሔለን ቋንቋውን አስተምረኝ ብላ ስትለምነኝ "ጊዜ የለኝም" እያልኩ የሸኘኋት፣ አንድ ቀን ይህንኑ "ካንተ ሌላ የሚችለው የለም" እንዲሉኝ ብዬ ነበር።