«ጠብታ ደም አልፈሰሰም»

አስማማው፣

ዛሬ እዚህ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ እንግዳ ቀዶ ሐኪም ወደ ጉበት የሚሄደውን የደም ሥር ለረጅም ጊዜ ቆንጥጦ ዕጢ ሲያወጣ በቪዲዮ አሳየንና «ጠብታ ደም አልፈሰሰም» ብሎ ተኮፈሰ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲስተር ፍሬወይኒ የምትባል የዚህ ከተማ ነርስ ተነስታ፣ «ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው ዶክተር። ደም ተከልክሎ የቆየ ጉበት ላይ ካንሰር ቶሎ ይመለሳል ይባላል። የእርስዎ ሕሙማንስ?» አለችው። «የተከታተልናቸው ሠላሳ ቀን ነው» አይል መሰለህ። ወንድ ልጅ እንኳ ክርስትና ለመነሳት አርባ ቀን ይጠብቃል። እኛ ጋ ባሕር ዳር ቢሆን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

የወረቀቱ ቦታ አለቀ፤ እታፈራሁን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ከጉበታቸው ዕጢ ያወጣንላቸውን የጋሽ ውበቱንም መዝገብ አውጥተህ ጠብቀኝ። ካንሰሩ ሲመለስባቸው «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለን ሸኘናቸው እንጂ፣ የደም ሥሩን ስንት ደቂቃ እንደቆነጠጥን የጻፍን አይመስለኝም።

ሥርጉት