ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ሰኞ፣ ጥር 4። ከጠዋቱ 3፡20
ማስታወሻዬ፣ ስልክ በማነሳበት የጋዝ ድርጅት ዛሬም ሚስኮል። ያው ስልክ ቁጥር። አንዴ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ሰባተኛው ነው። የምንሸጠው የጋዝ ሲሊንደር ላይ «ነፃ መስመር» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ደዋዩ ካርድ ባይኖረውም ይገባለታል፤ የሚቆጥረው በድርጅቱ ላይ ነው። ሰዋችን ግን ነፃ ሲባል ይጠራጠራል። ሳቅሁ። መልሶ መደወል ክልክል፤ ወጪ ነው። ተውኩት።

ማክሰኞ። 4፡05
አምስት ሚስኮል። ሁሌ ጠዋት ይጀምራል፣ አመሻሽ ላይ ጸጥ። አላማረኝም። አለቃዬ አቶ ታደለ ሐይቅ ዳር ስብሰባ ላይ ናቸው። ተደብቄ መልሼ ደወልኩ።
አሮጊት ናቸው። እማማ አየለች፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ። ልጃቸው ሥራ ሲሄድ ከውጭ ይቆልፍባቸዋል፤ ይረሳሉ፣ መንገድ ይጠፋባቸዋል ብሎ። ስልኩ እሱ ሲደውል እንዲያነሱበት ብቻ ነው። ካርዱ እንዳይቆረጥ ፈርተው ነበር የሚዘጉት። ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ኩሽናው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ራሳቸውን ያዞራቸዋል።
ጋዝ እያፈሰ ነው፤ የሲሊንደሩን መዝጊያ ያዙሩት አልኩ። ጣታቸው እንቢ አለ። መስኮት ይክፈቱ፣ ክብሪት እንዳይጭሩ፣ መብራት እንዳይነኩ። እሺ አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ አንቺ ላይ እየቆጠረ ነው፣ ዝጊው!» ለእኔ ሳንቲም ይጨነቃሉ። አንጀቴን በሉት።

ረቡዕ። 10፡30
መደወሌን ስነግራቸው አቶ ታደለ ጮኹብኝ። ቢሆንም ከሽያጭ መዝገብ አድራሻ አውጥተው ቴክኒሻን ላኩ። በሩ ቁልፍ። ልጅየው በስልክ፦ እናቴ ትዘነጋለች፣ ምንም አይሸትም፣ ሰው ቤት አትግቡ። ፎርሙ ላይ «ደንበኛው አልፈለገም» ተባለ። እኔም ፈረምኩ። እጄ በተሰበረ።

ሐሙስ። 3፡00
ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሰኞ ጀምሮ ነፃው መስመር ይቀራል፤ በቅናሽ ይሆናል። ደዋዩ ጥቂት ይከፍላል፣ የቀረውን ድርጅቱ። ሚስኮል ይቀንሳል ተብሏል። እማማ ያኔ ጭራሽ አይደውሉም።

5፡35
እማማ ደወሉ። ዛሬ አላቋረጡም፤ ነፃ መሆኑን አምነዋል። ድምፃቸው ይጎተታል። ብርድ ስለገባባቸው መስኮቱን ዘግተውታል። ሽታው ግን ጠፋ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ አሉ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደስታዬ ቀዘቀዘ። ሽንኩርት ቆርጠው ያሽትቱ አልኳቸው። ጠበቅሁ። ምንም አይሸተኝም አሉ።
ጋዙ አልጠፋም። አፍንጫቸው ነው የደነዘዘው።
እሳቸው ግን ሽታው ከጠፋ ሽሮዬን ልጣድ እያሉ ነው። እንዳይለኩሱ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ጥቂት ቆይተው ክብሪቱን የት አስቀምጬው ይሆን አሉ። ረስተዋል!

5፡45
ጆሮ ማዳመጫውን ለባልደረባዬ ለራሄል ሰጠኋት። መስኮቱን አስከፍታቸዋለች፣ አሁን ስለ ልጅነታቸው እየጠየቀቻቸው ነው። ካወሩ ክብሪት አይፈልጉም። ከሦስት ደቂቃ በላይ አይፈቀድም፤ ይቁጠር። ልጃቸው ስልክ አያነሳም። ልሂድላቸው ስል አቶ ታደለ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ከወጣሽ እንዳትመለሺ ይላሉ። ፈራሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ።

5፡50
እሳት አደጋ ደወልኩ። መኪና እየወጣ ነው። በሩን ለመስበር የቤት ሰው መኖር አለበት አሉ። አንቺ ምናቸው ነሽ አሉኝ።
ልጃቸው ነኝ አልኩ። ስበሩት፣ መጣሁ። አድራሻውን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ነኝ፣ ወደ እማማ በር።