በፀሐይ የተፈተኑት ወ/ሮ ቦንቱ ጉደታ

ወ/ሮ ቦንቱ ከአባታቸው ከአቶ ጉደታ ሰንበታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘርፉ ገመዳ በ1964 ዓ.ም. በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ ላይ ጥቂት ከቆዩ እጃቸውና ፊታቸው እንደ እሳት ይፈጃቸው ነበር። የሚታይ ቁስል ስላልነበረ ጎረቤቱ “ሥራ ጠልታ ነው” ይል ነበር። እናታቸው ግን አመኗቸው፤ ውሃ እንዲቀዱ የሚልኳቸውም ፀሐይ ሲበርድ ብቻ ሆነ።

ትምህርታቸውን በወንጂና በአዳማ ተከታትለው በ1985 ዓ.ም. በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ፤ በአዳማ በሚገኝ ሆስፒታልም ተቀጠሩ። በ1989 ዓ.ም. ከአቶ ዳዊ ኃይለጊዮርጊስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሲናንና ኢዛናን ወልደዋል። የሠርጋቸውን ፎቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ካልሆነ አልነሣም ብለው ሚዜዎቹን ማስቸገራቸውን ባለቤታቸው ዛሬም ያስታውሳሉ።

በ2004 ዓ.ም. የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ኑሬ የፀሐዩ ቃጠሎ ከደም የመጣ ሕመም ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። ወ/ሮ ቦንቱ የገዛ ደማቸውን በሁለት ብልቃጥ ቀድተው አንዱን በፎይል ሸፈኑ፤ ሌላውን መስኮት ላይ አኖሩ። ብርሃን ያገኘው ደም ቀይ ሴሎቹ ፈነዱ፤ የተሸፈነው ደኅና ነበር። በኋላ የመጣው የምርመራ ውጤትም ፖርፊሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም መሆኑን አረጋገጠ፤ በቀይ የደም ሴሎቻቸው ውስጥ የተጠራቀመው ቀለም ብርሃን ሲነካው የሴሉን ስስ ሽፋን ይጎዳል።

“ዶክተር፣ ታዲያ እኔ ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው?” ብለው ጠየቁ።

“በፍጹም! ሕመምዎ እውነተኛ ነበር” አሏቸው። ያን ቀን ወ/ሮ ቦንቱ አለቀሱ፤ ሲስቁም ዋሉ።

በ2008 ዓ.ም. የሁሩታው ገበሬ አቶ አብዱናሲር፣ አጨዳ እንቢ ያለችውን ልጃቸውን ሀኒን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ምርመራው ያው ሕመም መሆኑን ሲያሳይ፣ ወ/ሮ ቦንቱ “ልጅዎን አይቆጧት፤ እኔም እንደ እሷ ነኝ” አሏቸው። አባት የልጃቸውን እጅ ይዘው ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ ወዲህ ወ/ሮ ቦንቱ በሞጆና በሻሸመኔ ትምህርት ቤቶች እየዞሩ፣ ልጅ ፀሐይ ያቃጥለኛል ሲል እንዲታመን መምህራንን ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ያው በደማቸው የተጠራቀመው ቀለም ጉበታቸውን ጎድቶት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል። ዛሬ የነርስ ተማሪ የሆነችው ሀኒም እስከ መጨረሻው አስታምማቸዋለች፤ የትምህርት ቤቶቹንም ጉብኝት ልትቀጥል ቃል ገብታላቸዋለች።

ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።