ለገና የለቀለቅነው ግድግዳ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ነጩ አፈር አልበቃም። የፊት ለፊቱን ግድግዳና የበሩን ግራና ቀኝ እንደለቀለቅሁ ባልዲው አለቀ። ጓዳውና የጀርባው ግድግዳ ገና ናቸው። እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኗል። ጥፍሬ ውስጥ የገባው አልወጣ ብሎኛል።

እማዬ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ታዘኛለች። እዚያ ጋ ስስ ነው፣ ድገሚው፤ እዚህ ጋ ጠብ ጠብ ብሏል፣ ጥረጊው። ዛሬ እኮ ጊዮርጊስ ነው ብላት፣ ጊዮርጊስ ይቅር ይለናል፣ ተክልዬን ነው ማስቀየም የሌለብን፣ እሱ ደግሞ ነገ ነው አለችኝ።

የመጣሁት ገናን አብሬያት ልውል፣ ቤቱንም ላሳምርላት ነበር። ከደብረ ብርሃን ፊኛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ለጽዱ የሚሆን ጥጥ ይዣለሁ። ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራትም ይዣለሁ። አንኮበር ከገባሁ ጀምሮ ግን መብራት የለም።

መሬቱም አላስቀምጥ አለን። ዛሬ ረፋድ ላይ እንደገና ነቀነቀን። መጀመሪያ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ቀጥሎ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፣ ከዚያ ዝም። ከታች ከቆላው ነው የሚመጣው ይላሉ። ሰው አሁን ስለ መንቀጥቀጡ የሚያወራው ስለ ዶሮ ዋጋ እንደሚያወራ ነው።

በጀርባው ግድግዳ ላይ፣ ከእማዬ መደብ በላይ፣ ከጣሪያው እስከ መደቡ የወረደ ስንጥቅ አለ። እጄን ብከተው እስከ አንጓዬ ገባ። ከወዲያ በኩል ብርድ ነካኝ። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ገደል ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ደውሎ ነበር። ዓርብ መጥቶ ቤቱን ያያል። የተሰነጠቀ ነገር ካገኘ እማዬን ደብረ ብርሃን ወደ ራሱ ቤት ይወስዳታል። ይህን ስነግራት ፀሐዩን ትታ ተነሳች።

«እሱ ሳያየው ለቅልቂው» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ተክለ ሃይማኖት። አፈር አይነካም፣ ውኃም አይቀዳም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ለነገ የቀረኝ፦ ነጭ አፈር ከወንዙ ዳር። ጭድ ከዘነበች። እበት። ስንጥቁ። የጽድ ቅርንጫፍ። ቄጠማ ከገበያ። ስንጥቁ።

ዘነበች ጎረቤታችን ናት። መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ልጆቿን ይዛ አውድማው ላይ ሸራ ወጥራ ነው የምታድረው። ጠዋት ጠዋት ሸራው ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያል። እማዬን ነይ ከኛ ጋር እደሪ ብላ ለመነቻት። እማዬ ሳቅ እያለች፣ ውርጭ ከሚገድለኝ የራሴ ግድግዳ ይግደለኝ አለቻት። ዘነበች አልሳቀችም። ስሸኛት በር ላይ ክንዴን ይዛ፣ «እማማ አስካለን አውጫቸው። እኔ ብለምናቸው አይሰሙኝም፤ አንቺ ልጃቸው ነሽ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ እማዬን ለምን ጌታቸው ዘንድ እንደማትሄድ ጠየቅኋት። ጌታቸውን ትወዳለች። ሚስቱ ሰናይትም ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም። ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ሲነጋ ዶሮዎቹን ትለቃለች፣ እሳቷን ታነዳለች፣ የሰው ከብት ማሳዋ ገብቶ ከሆነ ወጥታ ትቆጣለች። እዚያ ሲነጋ ምን ታደርጋለች?

«ቁርስ እስኪሰጡኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መጠበቅ ነው» አለች። «መሬቱስ ነቅንቆ ይተወኛል።»

እኔም ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። በሰው ደጅ ስገባ ጫማዬን ድምፅ ሳላሰማ ነው የማወልቀው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

ገና ጎህ ሲቀድ ጀመርኩ። ስንጥቁን በድንጋይ ስብርባሪ ሞላሁት፣ በላዩ ጭቃና ጭድ፣ በላዩ እበት፣ በላዩ ነጩን አፈር። እማዬ ባልዲ ታቀብለኛለች። እንዲህ ስትፈጥን ካየኋት ዓመታት ሆነዋል። እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው እንደ አዲስ ሆነ፣ ግን እርጥብ ነው፤ ያስታውቃል። መጋረጃ ሰቀልኩበት። በመጋረጃው ላይ የፕላስቲክ አበባውን በየቦታው ሰካሁ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ጌታቸው አመሻሹ ላይ ደረሰ። ዞሮ አየ። የፊቱን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ የድሮ ሰው ሲሠራ እንዲህ ነው አለ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ እማዬ ሻይህ ቀዘቀዘ አለችው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እማዬ ፊቷ በርቶ ነበር፤ እሱም ደስ ብሎት ነበር። እንዴት አፌን እከፍታለሁ?

ሊሄድ ሲነሳ፣ እንግዲያው ገናን ሁላችንም እዚሁ እንውላለን አለ። ሰኞ ሰናይትንና ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ልጆቹ አያታቸው መደብ ላይ ይተኛሉ።

እማዬ «ይምጡ፣ ይምጡ» አለች። እኔ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ጠዋት ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ መጣ። የዘነበች ልጆች ከአውድማው ሲጮኹ ተሰማን። ካለፈ በኋላ መጋረጃውን ገለጥኩ። በነጩ አፈር ላይ ክር የመሰለ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ለቀለቅሁት። ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። ደግሜ ለቀለቅሁት።

ለእማዬ አሳየኋት። ጭቃው እየደረቀ ነው እንዲህ የሚለው አለች። ልጆቹስ አልኳት። በልደቱ ቀን እሱ ራሱ ይጠብቃቸዋል አለችኝና ሄደች።

ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ማስጌጤን ቀጠልኩ። የጽዱን ቅርንጫፍ በገንቦ ውስጥ አቁሜ ጥጡን በተንኩበት። ፊኛዎቹን ነፍቼ ከበሩ በላይ አሰርኳቸው። ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በርትቶ ኖሮ አንዱ ፊኛ ፈነዳ። ሁለታችንም ሮጠን ወጣን። እማዬ ያለ ምርኩዟ ነው የሮጠችው። ግቢው መሀል ደርሰን ዞር ስንል ቀይ የፊኛ ቁራጭ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ እማዬ ደረቷን ይዛ ቆማ ነበር። ስትፈራ እንደከረመች ያኔ ገባኝ። በየማታው ከዚያ ግድግዳ ሥር የምትተኛው እየፈራች ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

ከቅዳሴ ስንመለስ ለጌታቸው እንደምነግረው ነገርኳት። እለምናታለሁ ብዬ ነበር፤ ስደርስበት ግን መንገድ ላይ እንዳለን ዝም ብዬ ተናገርኩት። ቆመች። ባልሽን ትተሽ ስትመጪ ማን ተቀበለሽ፣ ይኸው ቤት አይደለም ወይ አለችኝ። ነው አልኳት። ታዲያ ልትሸጪው ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተናገረችኝም።

ኔትወርኩ ጠፍቶ ስለነበር ከቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆኖ ቤታችን ነጭ ብሎ ይታያል። ከአገሩ ሁሉ የደመቀ እሱ ነው። ለጌታቸው ሁሉንም ነገርኩት፤ ስንጥቁን፣ ጭቃውን፣ መጋረጃውን።

«ዓርብ ዕለት አፍሽ የት ነበር፣ እታለም?» አለኝ።

ነገ ብቻውን መኪና ይዞ ይመጣል።

ራት እማዬ ለብቻዋ በላች። እኔ አልራበኝም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ከጌታቸው ቤት።

ጌታቸው የጓደኛውን ሚኒባስ ይዞ ረፋዱ ላይ ደረሰ። እማዬ መደቧ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ነጠላዋን አልለበሰችም፤ አልሄድም ማለቷ ነው። ጌታቸው ጉልበቷን ስሞ ለመነ። ተቆጣ። ደግሞ ለመነ። ለዛሬና ለነገ ብቻ፣ መሬቱ እስኪረጋ አላት። አባትህንም ለሁለት ቀን ነው ብለው ነው ሆስፒታል የወሰዱት አለችው። ተነስቶ መጋረጃውን ሳበው። አበቦቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሀል መንቀጥቀጡ መጣ። ኃይለኛ እንኳ አልነበረም፤ ከቅዳሜው ያነሰ ነው። ግን የጠቀጠቅሁት ጭቃ ጓል ጓል እየሆነ መውረድ ጀመረ። አንዱ የእማዬ ትራስ ላይ ወደቀ። ጌታቸው ዘልሎ ሳባት። ካለፈ በኋላ አቧራው መሀል በስንጥቁ ብርሃን ገባ። ክንድ የሚያሳልፍ ሆኗል። ከመደቧ ሆኖ ቆላው ይታያል፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ እስከ ታች።

እማዬ ብዙ አየችው። ከዚያ ትራሷ ላይ የወደቀውን ጓል አንስታ በጣቷ ፈረፈረችው።

«ጭድ አንሶታል» አለች።

ከትናንት ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ቀጥላ ነጠላዬን አምጪልኝ አለች።

ዶሮዎቹን ለዘነበች ሰጠናት። እማዬ መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ ጠራችኝና ቄጠማው ተገዝቶ እንዴት ይቀራል፣ ጎዝጉዢው አለችኝ። ጌታቸው ከደጅ «ውጪ!» እያለ ይጮኽብኛል፤ እኔ ጎነበስ ብዬ ቄጠማውን ከበሩ እስከ መደቡ ጎዘጎዝኩ። ጽዱ፣ ጥጡ፣ ፊኛው፣ ሁሉም እንዳለ ነው። በሩን ቆለፍኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29። ገና

ማልዳ ዘነበች ደወለች። የጀርባው ግድግዳ ሌሊቱን ወደ ገደሉ ሄዷል። ጣሪያው በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል። እማማ አስካለ እንኳንም ወጡ እያለች ታለቅሳለች። ጌታቸው በዓል ነው፣ ዛሬ አትንገሪያት አለኝ።

ነገርኳት። ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ካለው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው። ማንም ሰው ሥሩ አልነበረም ወይ አለችኝ። አልነበረም አልኳት። ከብትስ? ከብትም አልነበረም። ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሷ እጄን ይዛ ዝም በይ፣ ልጆቹ ይሰማሉ አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ተነስታ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። በትናንቱ ግርግር ወጡ ሳይሠራ አድሮ ሰናይት ገና ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እማዬ ቢላዋውን እንድትሰጣት ጠየቀች። ሰናይት፣ እማማ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አለች። እማዬ አልተንቀሳቀሰችም። ሰናይት እኔን አየችኝ። ቢላዋውንና አነስተኛዋን በርጩማ ሰጠቻት።

እማዬ ቀስ ብላ ከተፈች። ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሽንኩርቱን ትልልቅ አደረገችው። ግን ሳህኑን ሞላችው፣ ሁለተኛም ሞላች። ልጆቹ መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ። ለትንሿ ልጅ ሽንኩርት ሲላጥ ከየት እንደሚጀመር አሳየቻት።

እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ዞር ስትል ሰናይት ሳህኑን ቶሎ ሳብ አድርጋ እንደገና ደቀቅ አድርጋ ከተፈችው። ክፋት አልነበረም፣ የበዓል ወጥ ነው።

እማዬ ከቧንቧው ሥር ሆና አይታለች። እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሌላ የሚከተፍ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።