ድንጋይ ተሸክመው የመጡት የዝቋላ ሰዎች

ሞላዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

አንተ ከሄድክ ማሽላው ታጭዶ እንደገና አሽቷል። ዓመት ሞላህ። እኔ ግን ዛሬም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሽሮ ጥጄ ደጅ እወጣለሁ፤ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋኛል፤ ስመለስ አርሮ ይጠብቀኛል። የልጅህ የፊት ጥርስ ወልቋል። የግቢው በር አልዘጋ ብሎኝ በገመድ አስረዋለሁ።

አንተ እኮ በቅሎ ላይ እንኳ ኮርቻውን በሁለት እጅህ ሙጭጭ የምትል ፈሪ ነበርክ! የአንበጣ መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን ሰቆጣ ስትመጣ ግን፣ የግብርና ሰው ነኝ፣ ለአብራሪው ማሳውን የማሳየው እኔ ነኝ ብለህ ቀድመህ ተሳፈርክ። ያን ለት ጠዋት ጫማህን ሁለቴ ወለወልክ። ሠርግ ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩብህ። እኔን አፈር ይብላኝ።

ከሰቆጣ ማዶ፣ ዝቋላ ላይ ሞተሩ ጠፋና ወደቃችሁ። የመረመሩት ሰዎች የነዳጅ ቧንቧ ተሰንጥቆ ነው አሉኝ። እንግዲህ ማንን ልቆጣ? ቧንቧ? አብራሪው ወዲያው ሞተ። አንተ ግን፣ ሬሳህን ያየው ሐኪም እንደነገረኝ፣ ነፍስህ ቶሎ አልወጣችም። የዚያ አገር ሰው ከጦርነቱ ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር ቦምብ ነው ብሎ ዋሻ መግባት ለምዷል፤ ያን ለትም ገባ። ሲመሽ ወጥተው አጠገብህ ሲደርሱ አልቆየሃቸውም። ስንቴ እንደረገምኳቸው አንተም ታውቃለህ።

በሙት ዓመትህ ለት፣ ሰው ተዝካርህን ሊቀምስ እንደተቀመጠ፣ ሽማግሌዎቻቸው በእግራቸው መጡ። ነፍስ እንዳጠፋ ሰው አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጃፌ ላይ ተንበረከኩ። እንግዳው ሁሉ ከመሶቡ እጁን ሰበሰበ። የንስሐ አባታችን ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እኔ ካላነሳሁላቸው ድንጋዩ አይወርድም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ ድረሱልኝ ብሎ ተጣርቶ ነበር ወይ? ትልቁ ሽማግሌ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። የልጆቹን ጆሮ ደፍነን እግዚኦ ስንል ነበርና አልሰማንም ልጄ፣ እግዜር ይወቀው አሉ። አልተጣራም ብለው ሊገላግሉኝ ይችሉ ነበር እኮ! አልዋሹኝም። ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሳሁ። አቤት ክብደቱ!

ሊሄዱ ሲሉ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲመጣ ዋሻ አይገቡም። እየፈሩም ቢሆን፣ የሚወድቅ ካለ ቶሎ ሊደርሱለት ሜዳ ላይ ወጥተው፣ ድምፁ ተራራውን በደህና እስኪሻገር ይቆማሉ።

ይቅር አልኩ እንጂ አላረፍኩም፤ እኔም አልዋሽህም። ተጣርተህ ይሆን እያልኩ እነቃለሁ። ግን አሁን ያ ድምፅ ሲመጣ ልጅህን በእጄ ይዤ ደጅ እወጣለሁ፤ ለምን እንደወጣሁም አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ድምፁ በደህና እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቅልሃለሁ። ሽሮው እንደሆነ ይረር።

የልጅህ እናት