ለሁሉም ተራ የሰጡት ፀጉር ሠሪ፣ እትዬ

እትዬ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1960 ዓ.ም. ተወለዱ። የበኩር ልጅ ናቸውና እኛ ታናናሾቻቸው እትዬ ስንላቸው ሰፈሩም ተከተለን፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ደንበኞች ሳይቀሩ እትዬ ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ‹‹አስረጃችሁኝ እኮ!›› እያሉ ይስቁ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1980 ዓ.ም. በፀጉር ሥራ ሙያ ተመረቁ። በ1985 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ወንድና ሴት ልጅ አፈሩ። ሁለት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ባላት ፀጉር ቤታቸው ሰው ሲበዛ ‹‹ተራ በተራ፣ ሁላችሁንም አሳምራለሁ›› ማለት ልማዳቸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ክንዳቸው ማበጠሪያ ይዞ መነሣት አቃተው፤ የዓይናቸው ቆብ ይወርድ፣ ወደ ማታ ድምፃቸው ይሰልል ጀመር። ሕመሙ ማያስቴኒያ የሚባል፣ የገዛ ሰውነት መከላከያ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ የሚያጠቃበት ነው። ሲብስባቸው የፕላዝማ ልውውጥ ይደረግላቸው ነበር፤ ደማቸው በማሽን ያልፍና ጎጂው ነገር ያለበት ፈሳሽ ተወግዶ፣ የደም ሴሎቻቸው ከምትክ ፈሳሽ ጋር ይመለሱላቸዋል። ከዚያ በኋላ እትዬን ማን ይችላቸዋል! ክንዳቸው ይነሣል፣ ሳቃቸው ከውጭ ይሰማል። ሐኪሙ ግን ይህ ጉልበት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ እንደሚቆይና ማረፍ እንዳለባቸው ደጋግሞ ነግሮናል።

እኛስ ምን አደረግን? ተሰለፍን። ሠርጉንም፣ ልደቱንም እትዬ ከማሽኑ በሚመለሱበት ሰሞን አደረግነው። እሳቸው እንደሆነ እምቢ ማለት አያውቁም። የራሳቸው ፀጉር ግን በሻሽ ተሸፍኖ ይውል ነበር። አንድ ቀን ብቻ ‹‹የኔንስ ማን ይሥራልኝ?›› አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት አልናቸው፤ ረሳነው።

ባለፈው ወር፣ ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው፣ ገና ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ ልጄን ለምርቃቷ እንዲሠሯት ላክሁባቸው። ቆመው ሠሯት፣ አሳመሯት። ብዙም ሳይቆይ ሳል ጀመራቸው፤ ኢንፌክሽኑ ሳንባቸው ገባ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ልውውጡ በድጋሚ ቢደረግላቸውም ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪሙ የእናንተ ጥፋት አይደለም ብሎናል፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ሁለት እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት ፀጉራቸውን ሠራንላቸው። እጃችን እንደ እሳቸው አይደለምና መሀሉን የከፈልንበት መስመር ጠሞብናል፤ ይቅር ይበሉን።

እኛ የከለከልናቸውን ዕረፍት እግዚአብሔር ይስጣቸው። በዚያ እንኳ ማንም ተራ አይያዝባቸው።